ጽዋውን ባርኮ ስካሩን መከልከል

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በደንቡ ላይ ተማሪ አልኮል መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘት፣ መጠቀምም ሆነ ለሌላ መስጠት ክልክል ነው ብሎ ቢጽፍ ማንም አይደነቅም። የየትኛውም አገር ትምህርት ቤት እንዲህ ይላል። ነገር ግን ይኸው ትምህርት ቤት ዓርብ ማታ ተማሪዎቹን በገበታ ዙሪያ ሰብስቦ፣ መምህሩ ወይን የተሞላ ጽዋ አንሥቶና ባርኮ ሰንበትን የሚቀበል ቢሆንስ? በፋሲካ ሌሊት ከድሀው ሳይቀር አራት ጽዋ የሚጠይቅ፣ በዓመት አንድ ቀን ደግሞ መጠጣትን እንደ ግዴታ የሚቆጥር እምነት የሚያስተምር ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ልጆቹን አትጠጡ ለማለት በምን አፉ ይናገራል?

ጥያቄው ለአይሁድ ብቻ የቀረበ አይደለም። በዓሉን ያለ ጠላና ያለ ጠጅ ለማያውቅ፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ብርጭቆ ለሚያቀርብ ሕዝብ ሁሉ የቀረበ ነው። የሚያከብሩትን ነገር እንዴት ይከለክሏል? ለአዋቂ የተፈቀደውን ለልጅ ነውር ነው ሲሉ ልጁ ለምን ያምናቸዋል? የአይሁድ ትምህርት ቤቶች ከዚህ ጥያቄ ጋር ከማንም በላይ ረጅም ዘመን ኖረዋል፤ ስለዚህ መንገዳቸውን መከተል ትርፍ አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያልተፈረደበት ልጅ

ስለ ወጣትና ስለ መጠጥ የተጻፈው እጅግ ጥንታዊው የአይሁድ ሕግ ከማናቸውም የትምህርት ቤት ደንብ ይልቅ አስፈሪ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ላይ ለአባቱና ለእናቱ የማይታዘዝ፣ ሆዳምና ሰካራም የሆነ ልጅ ወላጆቹ ራሳቸው ወደ ከተማው ሽማግሌዎች ያወጡታል፤ የከተማውም ሰዎች በድንጋይ ወግረው ይገድሉታል። ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም።

የሚያስገርመው ግን በኋላ የመጡት ሊቃውንት በዚህ ሕግ ላይ ያደረጉት ነገር ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ በተጠናቀረው በሚሽና፣ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍል፣ የሕጉን ቃል ሳይሽሩ በቅድመ ሁኔታ አጠሩት። ልጁ የተወሰነ መጠን ያለው ሥጋ መብላትና የተወሰነ መጠን ያለው ወይን መጠጣት አለበት። ገንዘቡን ከአባቱ ሰርቆ፣ በሌላ ሰው ቅጥር ግቢ ውስጥ የተጠቀመበት መሆን አለበት። አባትና እናት ሁለቱም ከሳሽ ለመሆን መስማማት አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ አንካሳ፣ ዕውር፣ ደንቆሮ ወይም ድዳ ከሆነ ክሱ ይወድቃል። በመጀመሪያው ጥፋት በሦስት ዳኞች ፊት ተመክሮ ይገረፋል እንጂ አይሞትም፤ ከደገመ ብቻ ነው ወደ ሃያ ሦስት ዳኞች ሸንጎ የሚቀርበው። ዕድሜውም ቢሆን ከልጅነት ወጥቶ ሙሉ ሰው ሳይሆን ባለችው አጭር ጊዜ የተወሰነ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ የበላውና የጠጣው ለሃይማኖታዊ ግዴታ በተሰበሰበ ማኅበር መካከል ከሆነ ከሳሽ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ክሱ ሊሟላ የማይችል ክስ ሆነ። በታልሙድ እንደ ተመዘገበው ከሊቃውንቱ ወገን እንዲህ ያለ ልጅ ከቶ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ወደፊትም እንደማይኖር፣ ሕጉም የተጻፈው ሰዎች እንዲያጠኑትና ከጥናቱ ዋጋ እንዲያገኙ መሆኑን የተናገሩ ነበሩ። አንድ ሊቅ ብቻ ተነሥቶ እኔ አይቻለሁ፣ በመቃብሩም ላይ ተቀምጫለሁ ብሎ ተቃውሟል።

እንግዲህ ልብ እንበል። እነዚህ ሰዎች የወጣትን ስካር ቀላል ነገር አላሉትም፤ እንዲያውም የልጁ ፍርድ በሠራው ሳይሆን ወደፊት ሊደርስበት በሚችለው መጨረሻ ነው ብለዋል። ነገር ግን የፍርሃታቸው ታላቅነት ሥነ ሥርዓቱን እንዲያላሉ አላደረጋቸውም፤ ይልቁንም አጠበቁት። የቅጣቱ ክብደት በጨመረ ቁጥር የማስረጃውም ክብደት ጨመረ። በየዘመኑ ወጣቱን ለማዳን ሲባል ሥነ ሥርዓት ይቅር የሚል ባለሥልጣን አይጠፋምና፣ ይህ አካሄድ ሊታወስ ይገባዋል።

ለውዝና የተጠበሰ እህል

ከፍርዱ ወደ ገበታው እንለፍ። ሚሽና በፋሲካ ሌሊት ከእስራኤል ድሀው እንኳ ከአራት ጽዋ እንዳያንስበት ያዛል። ታልሙድ በዚህ ላይ ሲነጋገር ልጆችም በአራቱ ጽዋ ውስጥ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም የሚል ክርክር ተነሥቷል። ከሊቃውንቱ አንዱ፣ ረቢ ይሁዳ፣ ሕፃናት ከወይን ምን ጥቅም ያገኛሉ ሲል ይጠይቃል። ይልቁንም እንቅልፍ እንዳይወስዳቸውና ስለ ሌሊቱ ምንነት እንዲጠይቁ የተጠበሰ እህልና ለውዝ ይታደላቸው ይላል። የሌሊቱ ዓላማ ልጁ ነቅቶ እንዲጠይቅ ነው፤ የሚያስተኛው ነገር ደግሞ ዓላማውን ያፈርሳል። መጠጥ ለልጅ የማይሰጥበት ምክንያት ከዚህ በተሻለ ቃል ተነግሮ አላየሁም። የተከለከለው ወይኑ ርኩስ ስለሆነ አይደለም፤ ልጁ ገና የሚጠይቀው ብዙ ነገር ስላለው ነው።

ፉሪም ግን ይህን ሥርዓት ያናጋል። አስቴርና መርዶክዮስ ከሐማ ተንኮል ሕዝባቸውን ያዳኑበት ይህ በዓል የመጠጥ በዓል ነው። ባቢሎናዊው ሊቅ ራባ፣ ሰው በዚያ ቀን በሐማ መረገምና በመርዶክዮስ መባረክ መካከል ያለውን ልዩነት እስከማይለይ ድረስ መጠጣት እንዳለበት ተናግሯል። ይህን ቃል ተከትሎ ግን ታልሙድ ያለ ምንም አስተያየት አንድ ታሪክ ያስቀምጣል። ራባህና ረቢ ዜራ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የፉሪምን ግብዣ አብረው በሉ፤ ሰከሩም፤ ራባህ ተነሥቶ ረቢ ዜራን አረደው። በማግስቱ አእምሮው ሲመለስለት ጸለየ፤ ሟቹም ተነሣ። በዓመቱ ራባህ በዓሉን ደግመን አብረን እናክብር ብሎ ሲጋብዘው፣ ረቢ ዜራ ተአምር በየጊዜው አይገኝም ብሎ እምቢ አለ።

ከዚያ ወዲህ የመጡ የሕግ ጸሐፍት በእነዚህ ሁለት ቃሎች መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራምባም (ሙሴ ማይሞኒድስ) ሰው ጠጥቶ በስካሩ እስኪተኛ ብሎ ወሰነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የክራኮቭ ሊቅ ሙሴ ኢሰርለስ ያን ያህል መስከር እንደማያስፈልግ፣ ከልማድ ትንሽ አብልጦ ጠጥቶ መተኛት እንደሚበቃ የሚለውን አስተያየት መዘገበ፤ የተኛ ሰው መራገምና መባረክን አይለይምና። ትእዛዙ አልተሻረም፤ ጥርሱ ግን ወለቀ።

አሜሪካና የወይኑ ፈቃድ

ይህ የጥንት ውርስ ከዘመናዊ መንግሥት ሕግ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው በአሜሪካ ነው። በኒውዮርክ በ1916 በበርናርድ ሬቭል መሪነት የተከፈተው ታልሙዲካል አካዳሚ የሃይማኖት ትምህርትንና ዓለማዊውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአንድ ጣራ ሥር ያስተማረ ፈር ቀዳጅ ተቋም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1920፣ የአልኮል ክልከላ በመላው አሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ። ክልከላውን ያስፈጸመው የቮልስቴድ ሕግ ግን ለቅዳሴና ለቡራኬ የሚሆን ወይን በካህናትና በረቢዎች በኩል እንዲታደል ፈቅዶ ነበር።

ፈቃዱ ጣጣ አመጣ። የካቶሊክ ካህን ጳጳስ አለው፤ ረቢ ግን ከበላዩ የሚመሰክርለት ማዕከላዊ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ረቢ ነኝ የሚል ሁሉ የምእመናን ዝርዝር ይዞ ወይን ለማውጣት ተሰለፈ፤ ሐሰተኛ ምኩራብና ሐሰተኛ ረቢም ተፈጠረ። ቅሌቱ በጋዜጣ ሲወጣ የማኅበረሰቡ ስም ጠፋ። በዚህን ጊዜ በኒውዮርክ የአይሁድ ሥነ መለኮት ሴሚናር የታልሙድ ሊቅ የነበረው ሉዊስ ጊንዝበርግ በ1922 ረጅም የሕግ መልስ ጽፎ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ለቡራኬ እንደሚበቃ አስረዳ። በዚህም ወጣቱም አዋቂውም የምድሩን ሕግ ሳይጥስ ሃይማኖቱን መፈጸም እንደሚችል አሳየ።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምትጠቀመው የዘቢብ ጭማቂ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ ቅድስናው በአልኮሉ ውስጥ እንዳልሆነ ለመረዳት ሊቅ አያስፈልገውም። የአይሁድ ሕግም ከዘቢብ የተሠራ ወይን ለቡራኬ እንደሚሆን ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። የክልከላው ዘመን በታኅሣሥ 1933 አበቃ፤ የወይኑ ጭማቂ ግን ቀረ። ዛሬ በአይሁድ ትምህርት ቤቶች ገበታ ላይ በተማሪው ፊት ከወይን ይልቅ የሚቀመጠው እርሱ ነው።

«የእኛ ልጅ አይጠጣም»

ከወይኑ ይልቅ አስቸጋሪው ነገር ኩራት ነበር። አይሁድ አይሰክሩም የሚለው አስተሳሰብ በአይሁድም በሌላውም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ፈላስፋው ካንት በ1798 ባሳተመው የሰው ተፈጥሮን በሚመለከት መጽሐፉ ስካር የማይታይባቸውን ወገኖች ሲዘረዝር አይሁድን ጨምሯል። በ1958 ደግሞ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪው ቻርልስ ስናይደር ስለ አልኮልና ስለ አይሁድ ባወጣው መጽሐፍ፣ መጠጡ በሥርዓተ አምልኮ ውስጥ መታሰሩ ስካርን እንደሚገታ ተከራክሯል። ክርክሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን አንድ ማኅበረሰብ ስለ ራሱ የሚነገረውን መልካም ነገር ካመነ በኋላ የታመመ ልጁን ማየት ያቅተዋል። በ1972 በፔንሲልቬንያ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ያቋቋሙት ረቢና የአእምሮ ሐኪም አብርሃም ትወርስኪ፣ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከታገሏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው በእኛ ቤት የለም የሚል ክህደት ነበር።

በ1973 ግን መካድ የማይቻልበት ጥያቄ በጽሑፍ ሰፈረ። በኒውዮርክ ይኖሩ የነበሩት የዘመኑ ታላቅ የሕግ ሊቅ ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን በየሺቫ ያሉ አንዳንድ ወጣቶች ሐሺሽ ማጨስ ስለመጀመራቸው የሕግ መልስ ጻፉ። መልሳቸው ግልጽ ክልከላ ነው። ዕፁ ሰውነትን ይጎዳል፤ ጤነኛ ሰው ባይጎዳ እንኳ አእምሮን ያበላሻል፤ ከጥናትና ከጸሎት ያሰናክላል፤ አባትና እናትን ያሳዝናል። በተጨማሪም ረቢው ወደዚያ ወደ ጥንቱ ዓመፀኛ ልጅ ተመለሱ። ኦሪት ያንን ልጅ የከሰሰችው በሥጋና በወይን ምኞት ከሆነ፣ ሰው ከዚያ የበለጠ ምኞትን በራሱ ላይ እንዴት ይቀሰቅሳል?

ይሁን እንጂ ሐቁን በሙሉ መናገር ይገባል። እኚሁ ሊቅ በ1964፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ ሲጋራና ካንሰርን ያገናኘውን ሪፖርት ባወጣበት ዓመት፣ ስለ ሲጋራ ሲጠየቁ ባያጨሱ ይሻላል ከማለት አልፈው ጨርሶ እርም ነው ሊሉ አልደፈሩም። ከምክንያታቸው አንዱ ብዙ ሰዎች፣ ባለፉት ትውልዶችም በእርሳቸውም ዘመን የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት፣ አጫሾች መሆናቸው ነበር። ሙግቱ በሕግ ረገድ የራሱ አመክንዮ አለው። በአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ዓይን ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ የልጆች ጭስ ተከለከለ፣ የአባቶች ጭስ ተፈቀደ።

መንግሥት፣ ትምህርት ቤትና የተማሪው ቦርሳ

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት በጉዳዩ ውስጥ በኃይል ገባ። በ1984 የወጣው ሕግ የመጠጥ ዕድሜን 21 የማያደርግ ክፍለ ግዛት የአውራ ጎዳና ገንዘብ እንዲቀነስበት አደረገ፤ የሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ ግን ለታወቀ ሃይማኖታዊ ዓላማ የተያዘን መጠጥ ከክልከላው ውጭ አደረገው። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሽንት ቤት ሲጋራ ስታጨስ ተይዛ ቦርሳዋ በተፈተሸባት የኒውጀርሲ ተማሪ ጉዳይ፣ ትምህርት ቤት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ለመፈተሽ ምክንያታዊ ጥርጣሬ እንደሚበቃው ወሰነ። በ1995 በኦሪገን የቨርኖኒያ ወረዳ ጉዳይ የስፖርት ተማሪዎች ያለ ምንም ጥርጣሬ ሽንታቸው እንዲመረመር ተፈቀደ። በ2002 ደግሞ በኦክላሆማ ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ፈቃዱ በመዘምራንና በሌሎችም የትርፍ ጊዜ ክበባት ላሉት ሁሉ ሰፋ። በ2009 ብቻ ነው ፍርድ ቤቱ ወሰን ያበጀው፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ፍለጋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድን የውስጥ ልብስ ድረስ አስወልቆ መፈተሽ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ።

እነዚህ ፍርዶች ሁሉ የሚመለከቱት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ነው። የአይሁድ ትምህርት ቤት ግን የግል ነው። የመንግሥትን እጅ የሚያስረው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እርሱን አያስረውም፤ በእርሱና በተማሪው መካከል ያለው ወላጅ የፈረመበት የደንብ መጽሐፍ፣ ማለትም ውል ነው። በዚህ ምክንያት የግል ትምህርት ቤት ከመንግሥት ይልቅ ሰፊ ሥልጣን አለው። መሳቢያ መፈተሽ፣ ምርመራ መጠየቅ፣ ቅዳሜና እሑድ በግል ቤት ለተደረገ ድግስ ጭምር መቅጣት፣ ማባረርም ይችላል።

ሕገ መንግሥት የማይጠብቀውን ልጅ እንግዲህ ምን ይጠብቀዋል? የደንቡ አውጪዎች ሕሊና ብቻ ነው። መልካሞቹ ደንቦች ከሌሎቹ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው። ሳይያዝ በፊት ራሱ መጥቶ እርዳታ የጠየቀን ተማሪ አይቀጡም፤ ወደ ሐኪምና ወደ አማካሪ ይልኩታል። የተጠቀመውንና የሸጠውን አንድ አያደርጉም። መጀመሪያ ይመክራሉ፣ ወላጅ ይጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ ይቀጣሉ። ይህ አካሄድ ለአይሁድ ሊቃውንት ከውጭ የመጣ አይደለም፤ በመጀመሪያ ሦስት ዳኛና ምክር፣ ከደገመ ሃያ ሦስት ዳኛ የሚለው የጥንቱ ሥርዓት በሌላ መልኩ ነው።

ፉሪምስ? በብዙ የሺቫዎች ተማሪዎች በዚያ ቀን የመምህሮቻቸውን ቤት የመጎብኘት ልማድ አላቸው፤ ብርጭቆውን የሚሞላላቸው ብዙ ጊዜ ደንቡን ያስተማራቸው መምህር ራሱ ነበር። የአስቸኳይ ሕክምና ሠራተኞች በዚያ ሌሊት ራሳቸውን የሳቱ ወጣቶችን ሲያመላልሱ ማደራቸው አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ኦርቶዶክስ አይሁድ ድርጅቶች በዚህ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ዘግይተው ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ኦርቶዶክስ ዩኒየን አንድ እርምጃ ወሰደ። በሰንበት ጸሎት መካከል ጎልማሶች ሹልክ ብለው ወጥተው ዊስኪ የሚቀማመሱበትን፣ «የኪዱሽ ክበብ» የተባለውን ልማድ ምኩራቦች እንዲያስቀሩ በይፋ ጠየቀ። እርምጃው ተማሪን የሚመለከት አይመስልም። ነገር ግን ከተማሪ ደንቦች ሁሉ በላይ ተማሪውን የሚመለከተው ይህ ነው። አባቱ ከጸሎት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ልጁ ያያልና።

የእኛ ወገኖች በእስራኤል

ታሪኩ ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ቦታም አለ። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል መካከል ብዙዎቹ ወጣቶች ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ በብዛትም ወደ ሃይማኖታዊዎቹ፣ ተልከዋል። እነዚህ ልጆች ከጎንደርና ከትግራይ ይዘውት የመጡት እምነት በኦሪት ላይ የቆመ ነበር፤ ታልሙድ አልደረሳቸውም። ለእነርሱ የፋሲካ ሳምንት ቦካ የተባለ ነገር ሁሉ ከቤት የሚወጣበት፣ ቂጣ የሚበላበት ጊዜ እንጂ አራት ጽዋ ወይን የሚጠጣበት አልነበረም። አስቴርን የሚያውቋት በጾሟ እንጂ በስካር አልነበረም። ጠላው የሚጠመቀው በቤት፣ በእናት እጅ ነበር፤ መጠኑን የሚያውቁትም ሽማግሌዎችና ቄሶች ነበሩ።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ልጁን ከእናቱ ጋንና ከቄሱ ተግሣጽ በአንድ ቀን ለየው። በምትኩ የተጻፈ ደንብ ሰጠው። ደንብ ግን አባት አይሆንም። ወላጁ ቋንቋውን ባልቻለበት፣ ሽማግሌው በማይደመጥበት አገር ያደገ ወጣት ወደ መጠጥ ቢያዘነብል ምንጩ ባህሉ ነው ለማለት የሚቸኩል ሰው፣ ባህሉ የነበረው ልጓም ማን እንደፈታው መጀመሪያ ይጠይቅ። እስራኤል በ2010 ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መጠጥ ከሱቅ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ ፖሊስም ከወጣት እጅ ነጥቆ እንዲያፈስ ስትፈቅድ፣ ችግሩ የአንድ ማኅበረሰብ ሳይሆን የመላው አገር መሆኑን ራሷ መስክራለች።

ለእኛ የሚቀረው

ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ባወጣችው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወግዳለች፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክላለች። መልካም ሕግ ነው። ይሁንና ከትምህርት ቤት አጥር ጥግ ያለው ጫት ቤትና ግሮሰሪ አዋጁን አንብቦታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን ከደጁ ያገኘዋል።

ከዚህ ረጅም ታሪክ የምወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚያስፈራ ጥፋት የላላ ፍርድ አያስፈልገውም፤ የጥንት ሊቃውንት ልጅን ለመኮነን የሚያስቸግር ሕግ ሲያበጁ ስካርን መደገፋቸው አልነበረም። ሁለተኛ፣ የተባረከውን ጽዋ ከስካር መለየት ይቻላል፤ ዘቢቡም የወይን ጭማቂውም ለዚህ ምስክር ናቸው። ሦስተኛውና ከባዱ ግን ደንብ ወደ ላይም መውጣት አለበት የሚለው ነው። ለተማሪው የተጻፈ ክልከላ መምህሩንና አባቱን ካልነካ ልጁ የሚማረው ስለ መጠጥ ሳይሆን ስለ ሥልጣን ነው። የሚማረውም ትምህርት አንድ ነው፤ ሕግ ማለት ትልልቆች ለትንንሾች የሚያወጡት ነገር ነው። እንዲህ ብሎ የተማረ ትውልድ በተራው ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አስረጂ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ረቢ ዜራ ተአምር በየጊዜው አይገኝም ብሎ ነበር። እርሱ ይህን ያለው አንድ ጊዜ ሞቶ ከተነሣ በኋላ ነው። ልጆቻችን ግን ያን ዕድል አያገኙምና፣ በበዓል ቀን ብርጭቆውን ከመሙላታችን በፊት በገበታው ጥግ ተቀምጦ የሚያየን ማን እንደሆነ ዞር ብለን እንይ።